የ1967 ቮልስ በቤት ማደስ፦ ሞተሩ 1600 ይግባለት ወይስ 1300ው ይበቃዋል?

ሰማያዊ117

ሰላም ለሁላችሁ። ቆሞ የከረመ ቮልስ ግቢ ውስጥ ልበትነው ነው። የሻንሲ ቁጥሩ በ117 ይጀምራል፣ የሞተሩ ቁጥር በኤፍ። 6 ቮልት ነው፣ ቸርኬው ባለ 5 ቡሎን። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየር የሚጨምቅበትን ግፊት) ስለካ ያገኘሁት፦ 1ኛ 6.1፣ 2ኛ 6.0፣ 3ኛ 4.0፣ 4ኛ 5.9 ባር። መጽሐፉ ከ7 በታች የወረደ ሞተር ይፈታ ይላል። በሾፌር በኩል ወለሉ ሲረገጥ ይሰምጣል።

ያሰብኩት፦ 1600 ሞተር፣ ሁለት ካርቡራተር፣ 12 ቮልት፣ ከዚያ ቀለም። ቦታው አዲስ አበባ ነው። ከየት ልጀምር?

ጋሽ ካንዴላ

መጀመሪያ ያለህን እወቅ። 117 ማለት 11 የመኪናው ዓይነት፣ 7 ደግሞ የ1967 ሞዴል ነው፤ ከነሐሴ 1966 እስከ ሐምሌ 1967 እ.ኤ.አ. የተሠራ። ኤፍ 1300 ነው፦ ሲሊንደሩ 77፣ ምቱ 69 ሚሊ ሜትር፣ 1285 ሲሲ፣ 40 ፈረስ ጉልበት።

አሁን ኮምፕሬሽኑ። መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር ጠለል ላይ ለቆመ መካኒክ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሲሊንደሩ የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ነው፤ ባሕር ላይ 8 የሚል ሞተር እዚህ 6 ይላል። ስለዚህ 6.1፣ 6.0 እና 5.9 ጤነኛ ናቸው። ይህን ባለማወቅ ስንት ደህና ሞተር ለሬክቲፊካ (በማሽን ለማደስ) ተፈቷል። ቁጥሩን ለብቻው አትይ፣ እርስ በርስ አነጻጽር። የታመመው 3ኛው ብቻ ነው።

ስትለካ አራቱም ካንዴላ ወጥተው፣ ነዳጅ መስጫው እስከ ታች ተረግጦ፣ ሞተሩ ሞቅ ብሎ መሆን አለበት። መስጫው ካልተረገጠ ቁጥሩ በሐሰት ይወርዳል።

ፑንቲና

ጋሼ ትክክል ነዎት። ሰማያዊ፣ 3ኛው የቱ እንደሆነ እንዳትሳሳት፤ በቮልስ "ፊት" የሚባለው የመኪናው ፊት ነው። 1 ቀኝ ፊት፣ 2 ቀኝ ኋላ፣ 3 ግራ ፊት፣ 4 ግራ ኋላ። የእሳት ቅደም ተከተሉ 1-4-3-2።

3ኛው ሁልጊዜ ቀድሞ የሚቃጠለው በዕድል አይደለም። በእነዚህ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው በቬንትሌተሩ ቤት ውስጥ፣ ወደ 3ኛው በሚወርደው አየር መንገድ ላይ ተገትሯል። የሚደርሰው አየር የሞቀና ያነሰ ነው። ፋብሪካው ራሱ ስለሚያውቀው በኦሪጂናሉ ዲስትሪቢተር (እሳት አከፋፋይ) ላይ የ3ኛውን ብልጭታ ጥቂት ዲግሪ አዘግይቶታል። በ1971 ሞዴል ማቀዝቀዣው ወደ ጎን ወጥቶ የራሱ ቤት ተሠራለት። 1600 የምትገዛ ከሆነ ያንን የቬንትሌተር ቤት አብረህ ፈልግ።

ሰማያዊ117

ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ይሁን ቫልቭ በምን ልለይ? ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሮ እንደገና መለካት የሚባለውን ሰምቻለሁ።

ጋሽ ካንዴላ

ያ ዘዴ ፒስተኑ ለቆመበት ሞተር ነው። የቮልስ ፒስተን ተጋድሞ ነው የሚሠራው፤ ዘይቱ ወደ ታች ተጠራቅሞ የፋሻውን የላይኛ ግማሽ ደረቅ ይተወዋል፣ ውጤቱም ያሳስታል። በነፋስ ለይ። 3ኛውን ሁለቱ ቫልቮች የሚዘጉበት ላይ አምጣ፣ ካምቢዮውን 4ኛ ማርሽ አስገብተህ ፍሬን ያዝ፣ ከኮምፕረሰር 5 ባር ያህል በካንዴላው ቀዳዳ ስጥና አዳምጥ። ማርሚታው (የጭስ መውጫው) ላይ ካፏጨ የጭስ ቫልቭ፣ ካርቡራተሩ ላይ ካፏጨ የመግቢያ ቫልቭ፣ የዘይት መሙያው ላይ ከነፋ ፋሻ ወይም ፒስተን።

ከዚያ በፊት ግን የቫልቭ ክፍተት ለካ። ለሁሉም 0.15 ሚሊ ሜትር፣ ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቅዞ፤ አድሮ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል። የ3ኛው ጭስ ቫልቭ ክፍተት ጠፍቶ ካገኘኸው አስፍተህ ብቻ አትለፍ። ቫልቩን የሚገፉት ዕቃዎች ሲያረጁ ክፍተቱ መስፋት ነው ያለበት። በየጊዜው የሚጠብ ከሆነ ወይ የቫልቩ አንገት እየተሳበ ነው ወይ መቀመጫው እየሰመጠ ነው። የተሳበ አንገት አንድ ቀን ይበጠሳል፤ ጭንቅላቱ ፒስተን ላይ ሲወድቅ ቴስታታውንም (የሲሊንደሮቹን ክዳን) ሲሊንደሩንም ይዞ ይሄዳል።

ላሜራ በያጅ

ስለ ሞተር ስትጨዋወቱ ወለሉን ረሳችሁት። ሰማያዊ፣ ሞተሩን ሸፍነህ አስቀምጥና ከላሜራው ጀምር። የሚሰምጥ ወለል ላይ 1600 መጫን ምን ይባላል?

ቮልስ ሁለት ነገር ነው፦ ከታች ወለሉና መሐል ለመሐል የሚሄደው ቧንቧ መሳይ አከርካሪ፣ ከላይ ቦዲው። ሁለቱ የሚገናኙት በጎን ባሉት የሙቀት አየር ማስተላለፊያ ሳጥኖች ነው፤ በር ሥር ያሉት። መካኒኩ "ወለል በስብሷል" ሲል ብዙ ጊዜ እነሱም አብረው በስብሰዋል። በካቻቢቴ ጫፍ ጠንከር አድርገህ ውጋ፦ በፊተኛው ጎማ በኩል የሳጥኑ መነሻ፣ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ ባትሪው የሚቀመጥበት (አሲዱ ነው የሚበላው)፣ ከፊት የመሪው አክስል የሚታሰርበት ግንባር። ከገባ ይቆረጣል።

ሳጥኖቹ የሚቆረጡ ከሆነ መጀመሪያ በበሩ ክፍት ቦታ ላይ ባለ 25 ሚሊ ሜትር አራት ማዕዘን ብረት አግድምና ሰያፍ በይድበት። ሳትደግፍ ከቆረጥክ ቦዲው መሐሉ ላይ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ በሩ አይገጥምም፤ በቀለም የሚድን ጉዳት አይደለም። በሮቹን አታውልቅ፤ እየበየድክ እየከፈትክ እየዘጋህ ክፍተቱን በዓይንህ ተከታተል። ግራውን ጨርሰህ ወደ ቀኝ፣ ሁለቱን ባንድ ጊዜ በፍጹም።

ለወለሉ ባለ 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ። ዝግጁ የወለል ግማሽ ካገኘህ ይሻላል፣ ምክንያቱም የወንበሩ ሐዲድና የቦዲ ቡሎን ቦታ ተቆርጦለት ይመጣል። ጠርዙ ላይ በየ3 እና 4 ሴንቲ ሜትሩ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሳ፣ በቀዳዳው ውስጥ ከአከርካሪው ከንፈር ጋር በይድ። ባለ ሽቦ ብየዳ ማሽን፣ 0.6 ወይም 0.8 ሽቦ። በኦክስጅን አትበይድ፤ ቀጭን ላሜራ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ይገለበጣል። በአከርካሪው ውስጥ የነዳጅ ቱቦና የኬብል ቱቦዎች ስላሉ ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) ወጥቶ፣ ቱቦው ተነፍቶ ደርቆ ይሁን። ባትሪው ከመኪናው ይውጣ።

ስቱኮ ከ2 ወይም ቢበዛ 3 ሚሊ ሜትር አይለፍ። በተበሳ ላሜራ ላይ የተለጠፈ ስቱኮ ከኋላው ውሃ ይጠጣል፣ በመጀመሪያው ክረምት ይፈነዳል። እርቃኑን ብረት ላይ ደግሞ ተራ አንቲሩጅን ቀብቶ ዝናብ ላይ መተው አይሠራም፤ ያ ቀለም ውሃ ያሳልፋል። ኢፖክሲ ቀባ፣ የተበየደውን መጋጠሚያ በሲላንት ዝጋ። የውጪው ቀለም የመጨረሻ ሥራ ነው።

ቶርኖ ቤት

1967 ስትሉ በእኛ ነው በፈረንጅ? በእኛማ ከሆነ መስከረም 2 ቀን ጃንሆይን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስ ዘመን ነው 🙂

ወደ ቁም ነገሩ። 1600 ጥሩ ነው፣ ግን ሒሳቡን አስተካክለህ ያዝ። 85.5 በ69 ሚሊ ሜትር፣ 1584 ሲሲ፣ 50 ፈረስ። አዲስ አበባ ላይ አንድ አራተኛው ስለሚቀር የምታገኘው 38 ያህል ነው። የአንተ 1300 ደግሞ እዚህ 30። የ8 ፈረስ ልዩነት ነው፤ ትንሽ አይደለም፣ ተአምርም አይደለም።

የሚያስቸግረው መግጠሚያው ነው። የ6 ቮልት ቮላኖ (ክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ የሚታሰረው ከባድ ክብ ብረት) 109 ጥርስ፣ የ12ቱ 130 ጥርስ አለው፤ ሰፋም ይላል። 130ውን ካስገባህ የካምቢዮው ቤት ውስጡ በመፍጫ ካልተቀነሰ ይነካል፣ ሞተሪኖውም (ማስነሻውም) ከነቡሹ ይቀየራል። ቀላሉ መንገድ የራስህን 109 ቮላኖ ከ180 ሚሊ ሜትር ፍሪሲዮኑ ጋር ወደ 1600ው ማዞር ነው። ከመግጠምህ በፊት የኦ ሪንግ ቦይ እንዳለው እይ፤ ከሌለው ከ1600 ክራንክ ሻፍት ጋር አይሄድም።

ቮላኖ ስትቀይር የክራንክ ሻፍቱ የወደፊትና የወደኋላ ጨዋታ እንደገና ይለካል። ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር። የሚስተካከለው በሦስት ቀጫጭን ቀለበቶች ነው፤ ሦስት ብቻ፣ ሁለት ወፍራም አድርጎ ማስገባት የለም። ፓራኦሊዮውንና (የዘይት ማገጃ ጎማውንና) ኦ ሪንጉን ሳታስገባ ለካ፣ ልኩ ሲመጣ ፈትተህ ከነሱ ጋር መልሰህ እሰር። የመሐሉ ዳዶ 36 ቁጥር ነው፣ 343 ኒውተን ሜትር። በእጅ ጉልበት የሚገመት አይደለም፤ የላላ እንደሆነ ቮላኖው የሚይዝባቸውን ፒኖች ቀዳዳ ያሰፋል፣ ክራንክ ሻፍቱም ይጣላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ከሜሪላንድ። ዕቃ በሻንጣ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ ክብደት የሌለውን አስመጡ፦ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) ሙሉ ስብስብ፣ የፑሽ ሮድ ቱቦ ጎማዎች፣ የፍሬን ጎማዎች፣ ኤሌክትሮኒክ ፑንቲና (የእሳት መቁረጫ)፣ የሞተር ክፍል ዙሪያ ጎማ። ፒስተንና ሲሊንደር እንኳን በሻንጣ፣ በሰው ትከሻም አይመጣ፤ እሱን ሶማሌ ተራ ፈልጉ።

"ያለ ሬክቲፊካ የሚገባ 87" ተብሎ የሚሸጠውን ሲሊንደር አትግዙ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሲሞቅ ክብነቱን ያጣል፣ ፋሻው አይይዝም። ወይ 85.5 ወይ ቶርኖ ቤት ሄዶ ከርሙን (የሞተሩን ዋና አካል) የሚያሰፋ ትልቅ ልክ።

ፑንቲና

ሁለት ካርቡራተርን እቃወማለሁ። ሞተሩ ሲሞቅ ይሰፋል፣ የሁለቱ ካርቡራተር ማገናኛ ዘንግ ልኩን ያጣል፤ አየር መለኪያ የሌለው ሰው ሁልጊዜ አንዱ ወገን ሲያንኳኳ ይኖራል። አንዱን በደንብ ማስተካከል ይበልጣል።

በከፍታ ላይ ካርቡራተሩ ነዳጅ ያበዛል፣ ምክንያቱም አየሩ ስስ ሆኖ ጄቱ ግን ያው ነው። ዋናው ጄት ላይ የተቀረጸው ቁጥር የቀዳዳው ስፋት በመቶኛ ሚሊ ሜትር ነው፤ 125 ማለት 1.25። ለአዲስ አበባ የነዳጁ መጠን 12 በመቶ ያህል መቀነስ አለበት፣ በቀዳዳው ስፋት ሲመጣ 6 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ 125 ያለው ወደ 120 ወይም 117.5። በአንድ ደረጃ ውረድ፣ ዳገት ላይ ነድተህ ሞተሩን እዚያው አጥፋና ካንዴላ ፍታ። ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ገና በዝቷል፣ ቡና መልክ ከሆነ እዚያ ላይ ተው፣ ነጭ ከሆነ ወደ ላይ ተመለስ። ወደ አዋሽና ድሬዳዋ የምትወርድ ከሆነ የድሮው ጄት በመሣሪያ ሳጥን ውስጥ ይኑር፤ ቆላ ላይ በስስ ጄት መንዳት ፒስተን ይበሳል።

ሌላ ብዙ ሰው የማያየው፦ በካርቡራተሩ ሥር ከማርሚታው ሙቀት የሚያመጣ ቀጭን ቱቦ አለ። በጥላሸት ይደፈናል። ከተደፈነ በክረምት ጠዋት መኪናው ሲረገጥ ይንተፋተፋል፣ ሰው ካርቡራተር ሲፈታ ይውላል። ሞተሩ ተነስቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቱቦው በሁለቱም ጎን በእጅ የማይያዝ መሆን አለበት።

ሌሎቹ ልኮች፦ ፑንቲና 0.4፣ ካንዴላ 0.7 ሚሊ ሜትር፣ ብልጭታ 7.5 ዲግሪ ቀድሞ።

ቶርኖ ቤት

እኔ ደግሞ 009 የሚባለውን ዲስትሪቢተር ነው የምመርጥ። ቫኪዩም የለው፣ የሚበላሽ የለው።

ፑንቲና

የሚበላሽ የለውም፣ እውነት። ግን ቀስ ብለህ ስትረግጥ ብልጭታውን የሚያስቀድምለትም የለውም። በ34 ካርቡራተር ላይ ስትነሳ የምትሰማው "ሆጭ" ማለት ከዚያ ነው። ገጥሞ ለጨረሰ ሰው፦ 3,500 ዙር ላይ ጠቅላላው ከ28 እስከ 32 ዲግሪ እንዲሆን አስተካክል፣ ሞተሩ ሥራ ፈቶ ሲዞር የሚያሳየውን እርሳው። ገና ለሚገዛ ግን ቫኪዩም ያለውን ነው የምመክር።

ጋሽ ካንዴላ

እርስ በርስ የምትጣሉበት ነገር መኪና አያቃጥልም። የሚያቃጥለውን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ የነዳጅ ጎማ። ካርቡራተሩ ላይ ነዳጅ የሚገባበት የነሐስ ቱቦ ተጠቅጥቆ የገባ እንጂ የተበየደ አይደለም። በዓመታት ንዝረት ይላላና ይወጣል፤ ነዳጁ ዲስትሪቢተሩ ላይ ይፈሳል። ሳብ አድርገህ እይ፤ ከተነቃነቀ ጥርስ አስወጥተህ በሚታሰር ተካው። የፕላስቲክ ማጣሪያ ሞተር ክፍል ውስጥ አትስቀል፣ ወደ ካምቢዮው በኩል አውርደው። ጎማውን ሁሉ በአዲስ፤ በቀለበት እሰር።

ሁለተኛ፣ የኋላ ወንበር ስፕሪንግ። ባትሪው ከሥሩ ነው። ወፍራም ሰው ሲቀመጥ ስፕሪንጉ የባትሪውን ራስ ይነካል፣ የወንበሩ ሣር ይያያዛል። የባትሪ ክዳን አድርግ፤ ከጠፋ ወፍራም ጎማ ቆርጠህ እሰርበት።

ሦስተኛ ሙቀት። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ቬንትሌተሩ ብቻ አይደለም፣ አየሩን የሚመሩት ላሜራዎች ናቸው። ሞተር ወርዶ በወጣ ቁጥር አንድ አንድ እየተጣለ፣ ብዙ ቮልስ ግማሹን አጥቷል። በሲሊንደሮቹ ሥር፣ በፑሽ ሮድ ቱቦዎቹ መካከል የሚገባው ትንሹ ቁራጭ በተለይ አይገኝም፤ ከሌለህ በእጅህ ቀጥቅጠህ ሥራው። የሞተር ክፍሉ ዙሪያ ጎማ ካልገጠመ ከሥር የሞቀው አየር ተመልሶ ይሳባል። እዚህ ከፍታ ላይ ቬንትሌተሩ የሚያንቀሳቅሰው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ ለስሕተት ቦታ የለም። የቴስታታውን ክንፎች መሐል በቀጭን ሽቦ ፈትሽ፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ያልተጸዳ ብረት አንዳንዱን ቀዳዳ ዘግቶት ይገኛል።

ቺንጋው መሐሉ ላይ በአውራ ጣት ሲጫን ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ይግባ። የዲናሞው ቀይ መብራት እየነዳህ ከበራ ባትሪ አለኝ ብለህ አትቀጥል። ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ቬንትሌተሩ ቆሟል፤ እዚያው አቁም።

ላሜራ በያጅ

ቴርሞስታቱስ? ብዙ ጋራዥ አውጥቶ ይጥለዋል።

ጋሽ ካንዴላ

ለቆላ ይሁን። ሲወጣ ስፕሪንጉ የአየር በሮቹን ክፍት ያደርጋቸዋል፣ ሞተሩ አይጎዳም። አዲስ አበባ ጠዋት ግን ሞተሩ ሳይሞቅ ሥራ ቦታ ይደርሳል፤ ዘይቱ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፣ የመሙያው ክዳን ሥር ነጭ ቅባት ታገኛለህ። ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ላይ የሚከፍት ከሆነ መልሰህ ግጠመው፤ ውሃ አፍልተህ ክተተው፣ ሲረዝም ታየዋለህ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

12 ቮልት፦ ሽቦውን መቀየር አያስፈልግም፣ አምፔሩ በግማሽ ስለሚቀንስ የድሮው ሽቦ ይበቃል፣ ካልተሰነጠቀ። የሚቀየረው፦ አምፖል ሁሉ፣ ቦቢና፣ ዲናሞ ከነሬጉላተሩ፣ የፍሬቻ ሪሌ፣ ጡሩንባ፣ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር፣ የካርቡራተሩ አውቶማቲክ ቾክ። ዲናሞው ከመገዛቱ በፊት ወርዱን ለኩ፤ 90 እና 105 ሚሊ ሜትር አሉ፣ ትልቁ በድሮው የቬንትሌተር ቤት ቀዳዳ አይገባም። የ6 ቮልቱ ሞተሪኖ በ12 ይሠራል፣ በፍጥነት ይዞራል፤ ቁልፉን ይዞ አለመቆየት ነው።

ፍሬኑን ማንም አላነሳም። 117 ባለ አንድ መስመር የፍሬን ፖምፓ ነው። አንድ የፍሬን ጎማ ካፈሰሰ አራቱም እግር ያለ ፍሬን ይቀራል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መኪና ባለ ሁለት መስመር ፖምፓ ይግባለት፤ ለታምቡር የሚሆነውን፣ 19 ሚሊ ሜትሩን። ከፔዳሉ ዘንግ እስከ ፖምፓው ፒስተን 1 ሚሊ ሜትር ጨዋታ ተዉለት፤ ከሌለ ፍሬኑ በራሱ እየያዘ ይሄዳል። አየር ሲወጣ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። ሸራው ሲስተካከል ኮከቡን ጎማው እስኪያዝ አጥብቁ፣ ከዚያ 3 ወይም 4 ጥርስ መልሱ።

የኋላ አክስል ዳዶ 36 ቁጥር፣ 294 ኒውተን ሜትር፤ የመሰኪያው ቀዳዳ ካልገጠመ ወደፊት አጥብቁ እንጂ አታላሉ። ይህ ሲላላ የታምቡሩ ጥርስ ይበላል፣ መኪናው መሄድ ያቆማል።

ሰማያዊ117

በነፋስ ለየሁት። ማርሚታው ላይ ያፏጫል። የ3ኛው ጭስ ቫልቭ ክፍተትም ዜሮ ነበር። ሌሎቹ ዝም ናቸው። 1600ውን ለጊዜው ትቼዋለሁ፣ ወለሉን ጀምሬያለሁ። የግራውን ቴስታታ ብቻ ላውርድ ወይስ ሁለቱንም?

ቶርኖ ቤት

ሞተሩ ከመኪናው ይወርዳልና ሁለቱንም ክፈት፤ የቀኙን ቫልቮች አይተህ መልሰው። ሞተሩ በ4 ቡሎን ነው የተያዘው፣ 17 ቁጥር፤ ከሥር ሁለት፣ ከላይ ሁለት። ከ100 ኪሎ በላይ ስለሆነ በክሪክ ላይ እንጂ በእጅ አትቀበለው። የኋላውን 90 ሴንቲ ሜትር ያህል አንሣ።

የጭስ ቫልቮቹን አራቱንም በአዲስ፣ ያረጁትን የቫልቭ ጋይዶችም። ቴስታታውን በሁለቱ ቫልቭ መቀመጫዎች መካከልና በካንዴላው ቀዳዳ ዙሪያ ስንጥቅ ፈልግበት። የፑሽ ሮድ ቱቦዎቹን ከመግጠምህ በፊት 190 ሚሊ ሜትር እስኪሞሉ ጎትታቸው፣ አለበለዚያ ጎማቸው አይጨናነቅም፣ ዘይት ያፈሳሉ። መጋጠሚያ መስመራቸው ወደ ላይ።

የቴስታታው ቡሎን ባለ 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ መጀመሪያ ሁሉንም 10 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ 31። ስታጠብቅ አንዱ እየዞረ የማይጠነክር ከሆነ አቁም፤ ከርሙ ማግኒዚየም ነው፣ ጥርሱ ወጥቷል ማለት ነው። የብረት ጥርስ ይግባለት፤ በማጣበቂያ አይታለፍም።

ጋሽ ካንዴላ

ዘይት 2.5 ሊትር፣ 30 ቁጥር። ከሥር ያለውን የማጣሪያ ክዳን የሚይዙት 6 ዳዶዎች 7 ኒውተን ሜትር ብቻ ናቸው፤ በረጅም መፍቻ አትያዛቸው። መጀመሪያ ስታስነሣ ቦቢናውን ነቅለህ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ በሞተሪኖ አዙር፣ ከዚያ ሽቦውን መልስ። 500 ኪሎ ሜትር ላይ ዘይቱን ለውጥ፣ ሞተሩን አሳድረህ ጠዋት ቫልቮቹን እንደገና ለካ። የ3ኛውን ጭስ ልክ ደግሞ ወረቀት ላይ ጻፈው፤ በሚቀጥለው ስትለካ ከ0.15 ጠቦ ካገኘኸው እዚሁ ክር ላይ ተመለስ።